ሐዲድ እየተነጠፈ የባቡር ምልልስ መጨመር ይቻላል ወይ?

አባይ ማዶ፦
እንዴት ዋላችሁ የባሕር ዳር ልጆች። ሰሞኑን አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል፣ እስኪ ተነጋገሩበት።

እኛ ሰፈር መንገድ እየተሠራ ነው። ቁፋሮውን አልቃወምም። ሲያልቅ እንደሚያምርም አውቃለሁ። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። መንገዱ ከተቆፈረ ጀምሮ ባጃጁም ታክሲውም ዙሪያ ጥምጥም ስለሚሄድ በቀን የሚመላለሰው ቁጥር ወርዷል፤ ሰዉ ግን ያው ሰው ነው፣ ሥራውም ትምህርት ቤቱም ያው ቦታ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ድልድዩ መግቢያ ላይ ብትቆሙ የምለው ይገባችኋል። እናት ልጇን አዝላ ሦስት ባጃጅ ታሳልፋለች፣ ሦስቱም ሞልተው ነው የሚመጡት። ስንጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ ግንባታው እስኪያልቅ ታገሱ።

ታዲያ እህቴ አሜሪካ ነው የምትኖረው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ። ሥራዋ ዋሽንግተን ነው፣ በባቡር ትመላለሳለች። እዚያ ሐዲድ እየጨመሩ፣ ወንዝ ላይ ትልቅ የባቡር ድልድይ እየሠሩ ነው። ስንደዋወል «እስኪያልቅ መከራሽን ልታዪ ነው» ስላት «ኧረ እዚህ ሰው የሚከራከረው ሥራው እየተሠራ ባቡር ይጨመርልን ብሎ ነው» አለችኝ።

እንዴት ነው የሚሆነው? ሐዲዱ ተቆፍሮ፣ ሠራተኛ መሐል ላይ ቆሞ፣ ባቡር መቀነስ እንጂ መጨመር ይቻላል እንዴ? ከተቻለስ እኛ ባጃጅና አውቶቡስ ላይ ለምን አንሞክረውም? የሚያውቅ ያስረዳኝ።

ሽምብጥ ቨርጂኒያ፦
ሰላም አባይ ማዶ። የሽምብጥ ልጅ ነኝ፣ አሁን እህትህ ያለችበት አካባቢ ነው የምኖረው። ይህን ነገር በየቀኑ ስለማየው ልንገርህ።

የሠራተኛው ባቡር ቪአርኢ ይባላል። በ1992 እ.ኤ.አ. ነው የጀመረው። ሁለት መስመር አለው፣ አንዱ ከፍሬድሪክስበርግ በኩል፣ ሌላው ከማናሳስ በኩል ይመጣል፣ ሁለቱም ዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን ይገባሉ። ጠዋት ሰው ወደ ከተማ ያስገባል፣ ማታ ይመልሳል። ለሥራ ቀን የተሰላ አገልግሎት ነው።

ችግሩ ያለው ከተማ ሊገባ ሲል ነው። ፖቶማክ ወንዝ ላይ በ1904 የተሠራ ድልድይ አለ፣ ሎንግ ብሪጅ ነው የሚሉት። ያለው ሐዲድ ሁለት ብቻ ነው። የቪአርኢ ባቡር በዚያ ያልፋል። አምትራክ የሚባለው የረጅም ርቀት ባቡርም በዚያ ያልፋል። የሐዲዱ ባለቤት የነበረው የሲኤስኤክስ ኩባንያ የጭነት ባቡርም እንደዚሁ። ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ባቡር ለማስገባት መጀመሪያ ድልድዩ ላይ ክፍት ደቂቃ መፈለግ አለብህ፣ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ደግሞ ክፍት ደቂቃ የለም ማለት ይቻላል።

አሁን ከአሮጌው ጎን ባለ ሁለት ሐዲድ አዲስ ድልድይ እየተሠራ ነው። ሥራው በ2024 ጥቅምት ተጀመረ፣ ዕቅዱ በ2030 እንዲያልቅ ነው። ያኔ አራት ሐዲድ ይሆናል ማለት ነው። ለእግረኛና ለብስክሌትም ለብቻው ድልድይ አለው። ወደ አሌክሳንድሪያ በኩልም አራተኛ ሐዲድ ይጨመራል።

ግን እስከ 2030 ዝም ብለው አልተቀመጡም። የቨርጂኒያ ግዛት በ2019 ከሲኤስኤክስ ጋር የ3.7 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት አስታወቀ፤ ከሐዲዱ መሬት የተወሰነውን ገዝቶ፣ ድልድዩን ሠርቶ፣ በምላሹ የመንገደኛ ባቡር በየጊዜው እንዲጨመር። ድልድዩ መሠረቱ ሳይቆፈር ነው በ2022 ወደ ሮአኖክ ሁለተኛ፣ ወደ ኖርፎክ ሦስተኛ የቀን ባቡር የተጨመረው። መጀመሪያ የሚገኘውን ክፍተት ተጠቀሙበት፣ ከዚያ ሌላ ክፍተት መሥራት ጀመሩ።

ሌላም አለ። በ2022 መስከረም ሜትሮ የሚባለው የከተማው የውስጥ ባቡር አዲስ ጣቢያ ከሐዲዱ ጋር ለማገናኘት ከአየር ማረፊያው በስተደቡብ ያሉትን ጣቢያዎች ዘጋ። ያን ወር ቪአርኢ በነፃ ነው ሰው የጫነው። አንዱ ሲዘጋ ሌላው በሩን ከፈተ። እኔን እስከ ዛሬ ደስ የሚለኝ ይሄ ነው።

ቀበሌ 14፦
ጥሩ ነው ግን አሜሪካን እዚህ አታምጡብን። ገንዘብ ያለው ከጎን ሁለተኛ ድልድይ ይሠራል።

ጥያቄውን በቀጥታ ልመልስ፣ አይቻልም። ሥራ እየተሠራ ምልልስ ከጨመርክ የሚመጣው መዘግየት ነው። አሥር መኪና በሰዓቱ ቢመጣ ይሻለኛል ወይስ አሥራ አምስት መኪና መቼ እንደሚመጣ ሳይታወቅ? ለእኔ የመጀመሪያው። ሰው በዝግተኛ ነገር አይሞትም፣ በማይታመን ነገር ነው የሚቃጠለው።

ሽምብጥ ቨርጂኒያ፦
ወንድሜ ቀበሌ 14፣ አባባልህ እውነት አለበት። ኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ላይ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ሦስተኛ ሐዲድ ተሠርቶ በ2022 ተጠናቀቀ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሰው በሁለቱ ሐዲድ እየተመላለሰ። በ2023 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ማንሃተን ውስጥ አዲስ ጣቢያ ተከፈተ፣ ከአንድ ወር በኋላ የባቡሩን ቁጥር በ41 ከመቶ አሳደጉት። በአንድ ሌሊት። ጃማይካ የምትባል መቀየሪያ ጣቢያ ላይ ሰው ተጨናንቆ፣ ከአንዱ ባቡር ወርዶ ሌላውን ሲሮጥ ሲያመልጠው ብዙ እሮሮ ተሰማ። ሐዲዱ ዝግጁ ነበር፣ ሰዓት ሰሌዳው ግን በሰው እግር አልተለካም። ስለዚህ መጨመር ብቻውን መልስ አይደለም።

ግን ገንዘብ ያለው ነው ሁለተኛ ድልድይ የሚሠራው ያልከውን አልቀበልህም። የራሳችንን አባይ ድልድይ እየው። አዲሱ ሲሠራ ሰዉ በየት ነበር የሚያልፈው?

አባይ ማዶ፦
እሱን ልል ነበር! አሮጌው ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለ ድልድይ ነው። አዲሱ ከጎኑ ነው የተሠራው፣ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት፣ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው የተመረቀው። ያን ሁሉ ጊዜ የጎንደር መኪና፣ የእኛ ባጃጅ፣ ብስክሌቱ፣ ጋሪው በአሮጌው ላይ ሲያልፍ ነበር። ማንም ተነሥቶ «አዲሱ እስኪያልቅ ጎንደር አትሂዱ» አላለንም። ድልድይ ላይ የቻልነውን የሰፈር መንገድ ላይ ለምን ያቅተናል?

ሲግናል ቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባቡር ላይ በሲግናል ሙያ ሠርቻለሁ፣ አሁን ባሕር ዳር ነኝ። ሁላችሁም የያዛችሁት አንድ አንድ ጫፍ ነው፣ እስኪ ከሥራው በኩል ላስረዳ።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ሁለት ሐዲድ ካለህ አንዱ ለመሄጃ አንዱ ለመምጫ ነው። ባቡሮቹ በየ5 ደቂቃው ቢከታተሉ በሰዓት በየአቅጣጫው 12 ታሳልፋለህ። አሁን አንዱን ሐዲድ ለሥራ ዝጋ። የቀረው አንዱ ነው፣ በሁለቱም አቅጣጫ በየተራ። የተዘጋውን ክፍል ለማለፍ 10 ደቂቃ ከፈጀ፣ አንዱ አልፎ ሳይወጣ ከዚያ ማዶ ያለው መግባት አይችልም። በሰዓት ስድስት ባቡር ነው የሚያልፈው፣ በየአቅጣጫው ሦስት። ሰው ግማሽ ይመስለዋል፤ ከ12 ወደ 3 ነው የወረድከው። ቀበሌ 14 የሚፈራው ይሄንን ነው፣ ትክክልም ነው።

የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር የተሳፈረ ይህን ያውቀዋል። የምሥራቅ ምዕራቡና የሰሜን ደቡቡ መስመር መሐል ላይ ይገናኛሉ፤ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድ፣ ልደታ የሁለቱም ናቸው። እዚያች ላይ አንድ ባቡር ከቆመ ሁለቱም መስመር ነው የሚታመመው። የሽምብጡ ልጅ ስለ ፖቶማክ ድልድይ የነገረን ያው ነው።

ሁለተኛ፣ ባቡር ጨመርክ ማለት ከሠራተኛው ሰዓት ወሰድክ ማለት ነው። ይህን ሰው አያስበውም። ሌሊት ላይ ለ4 ሰዓት ያህል ለሥራ ተዘጋልህ እንበል። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፣ ሽቦው ከመሬት ጋር ይታሰራል፣ መቋረጡ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ነው ሰው የሚገባው። ሲያልቅም ዕቃው ተቆጥሮ ይወጣል፣ ምክንያቱም ሐዲድ ላይ የተረሳ አንድ መፍቻ ጣጣው ብዙ ነው። ከ4ቱ ሰዓት ለእጅ ሥራ የሚተርፍህ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። የማታውን የመጨረሻ ባቡር በግማሽ ሰዓት ብታዘገየው የምትወስደው ከዚያች ከተረፈችው ላይ ነው።

አንድ ብየዳ ብቻ ላሳያችሁ። ሁለት ሐዲድ ጫፍ ለጫፍ ይገጠማል፣ መሐላቸው ላይ ጣት የምታህል ክፍተት ትተዋለህ። በዙሪያው የአሸዋ ቅርጽ ታስራለህ፣ ሐዲዱን በእሳት ታሞቃለህ፣ ከዚያ ከላይ ካለው ጽዋ የቀለጠው ብረት ይወርዳል። ሌሊቱ በአንዴ ቀን ይመስላል። ከዚያ መጠበቅ ነው። እስኪጠነክር መንካት የለም። ቅርጹ ይሰበራል፣ ትርፉ ይቆረጣል፣ ሐዲዱ ይሞረዳል፣ ቀጥ ያለ ብረት ላዩ ላይ አጋድመህ ብርሃን በሥሩ እንዳያልፍ ታያለህ። ይህ አንድ መጋጠሚያ ነው። «ቶሎ በሉ፣ ባቡሩ ሊመጣ ነው» የሚባልበት ሥራ አይደለም።

ሦስተኛ፣ አዲስ ሐዲድ በተነጠፈ ማግሥት ባቡር በሙሉ ፍጥነት አይሄድበትም። ከሥር ያለው ጠጠር ተጠቅጥቆ፣ ባቡር ተመላልሶበት እስኪረጋ በዝግታ ነው። አጠገቡ ሠራተኛ ካለም እንደዚያው።

ታዲያ መጨመር ይቻላል ወይ? ይቻላል። ሦስት ነገር ከተሟላ። አዲሱ ሐዲድ በአሮጌው ፈንታ ሳይሆን ከጎን ከተሠራ። የተጨመረው ባቡር ድልድዩ ባልተጨናነቀበት ሰዓት ከሆነ። እና ሰዓት ሰሌዳው መጀመሪያውኑ ለዝግታው ትርፍ ደቂቃ ከተያዘለት። ሰሌዳው 40 ደቂቃ ይላል፣ መንገዱ 46 ይፈጃል፣ ያኔ ነው ሰው የሚቃጠለው። 47 ብለህ ጻፍለት፣ አይከፋውም።

ዘንዘልማ፦
ጋሼ ሲግናል ቤት እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ተብራርቶ አላየሁም።

ያልተጨናነቀ ሰዓት ያልከው ላይ እኔ ልናገር። ሥራዬ ከተማ ነው፣ ቤቴ ወደ ዘንዘልማ በኩል ነው። ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ጠዋት ሰልፍ ነው። ጠዋትማ ብንሰለፍም ብናረፍድም እንደርሳለን። እኔን የሚያስለቅሰኝ ማታ ነው። መንገዱ ከተቆፈረ ወዲህ ባለ ታክሲው 12 ሰዓት ተኩል ካለፈ ያንን አቧራና ጉድጓድ በጨለማ አልገባም ይላል፣ አልፈርድበትም። 1 ሰዓት ላይ ከሥራ የምንወጣ ሴቶች አለን። ጽዳት የምንሠራ፣ ምግብ ቤት የምንሠራ። ጠዋት አሥር መኪና ከምትጨምሩልን ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ የማይቀር አንድ አውቶቡስ ብትሰጡን ኑሯችን ይቀየራል። ያ ሰዓት መንገዱም ባዶ ነው፣ ማንንም አያጨናንቅም።

ሽምብጥ ቨርጂኒያ፦
እህቴ ዘንዘልማ፣ እዚህም ያለው ክርክር ልክ ይሄ ነው። የጠዋትና የማታ ባቡር ለቢሮ ሠራተኛ ነው የተሰፋው። የሆስፒታል ፈረቃ፣ የሆቴል ሠራተኛ፣ ቅዳሜ የሚሠራ ሁሉ በመኪና ነው የሚሄደው ወይ ብዙ አውቶቡስ ይቀያይራል። ከእኛ ሰዎች ስንቱ ነው እንደዚያ የሚኖረው። ለዚያ ነው የቅዳሜ ባቡር ይጀመር የሚባለው።

ቀበሌ 14፦
የማታዋን አንድ አውቶቡስ እኔም እደግፋለሁ። እሷ መዘግየት አታመጣም። የተቃወምኩት ጠዋት ላይ መኪና መቆለሉን ነው፣ አሁንም እቃወመዋለሁ።

ጀልባ ወደብ፦
ሁላችሁም ስለ መሬት ብቻ ታወራላችሁ። ጣና እኮ ቁፋሮ የለበትም!

የጀልባ ሥራ ላይ ነኝ። ከዘጌ ቡናውንም፣ እንጨቱንም፣ ሰውንም ስናመላልስ ኖረናል፣ ከዘጌ ባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጎርጎራ ድረስም መርከብ ይሄድ ነበር። መንገድ ሲዘጋ ውኃው ክፍት ነው። የዘጌ መንገደኛ ጠዋት በጀልባ ከገባ በየብስ መንገዱ ላይ ያን ያህል ባጃጅ ተረፈ ማለት ነው።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጠዋት ነው የምንችለው። ጣና ጠዋት ዘይት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ትንሿን ጀልባ ያንገላታታል። ስለዚህ ለእህታችን ለማታው መልስ አይደለንም። ደግሞ ሰው ልንጨምር ከሆነ የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱ በሰው ልክ ይሁን፣ መውረጃው ደረጃም ይታደስ። በክረምት ውኃው ሲሞላና በበጋ ሲወርድ ደረጃው አይገናኝም፣ አሮጊት ወደቀች ብለህ እጇን ይዘህ መቆም ነው።

የጥንቱ ነዋሪ፦
ልጆቼ ስታወሩ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። አንድ ነገር ልጨምር።

ይህች ከተማ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በጀርመናዊው በማክስ ጉተር ፕላን ስትዘረጋ ነው ሰፋፊ መንገድና ዘንባባ የተሰጣት። ያኔ መኪናው ስንት ነበር? ሰውስ ስንት ነበር? ለሌለ ሰው ነው ቦታ የተተወው። ዛሬ መንገዱን በግማሽ ቆፍራችሁ በግማሹ የምትሄዱት በዚያ ስፋት ነው። ጠባብ ቢሆን ኖሮ ክርክሩም አይኖርም ነበር፣ ይዘጋ ነበር አለቀ።

ስለዚህ ባቡሩም አንድ ቀን ሲመጣ መሬቱን ዛሬ አስቀምጡለት። ከጎን መሥራት የሚቻለው ጎን ካለ ነው።

ሲግናል ቤት፦
አባቴ፣ አፍዎ ላይ ማር ይፍሰስ። የሙያ ሰውም ከዚህ የበለጠ አይልም።

የባቡሩ ዕቅድ እኮ ወረቀት ላይ አለ። በአገሪቱ የሐዲድ ኔትወርክ ዕቅድ ከፍኖተ ሰላም በባሕር ዳር፣ በወረታ፣ በወልዲያ አድርጎ ወደ ሰመራ የሚወርድ መስመር ተይዟል። ከአዋሽ ወደ ወልዲያ ሐራ ገበያ የሚመጣው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ያፒ መርከዚ በሚባል የቱርክ ኩባንያ ተሠርቶ ሥራ ሳይጀምር ጦርነቱ ጉዳት አድርሶበታል። እሱ ካልተነሣ የእኛው አይመጣም። የሚመጣበትን ዓመት ግን ከመቁጠር ይልቅ ሲመጣ እንዴት ይሠራ የሚለውን ዛሬ መያዝ ይሻላል።

ከጅቡቲው መስመር መማር ይቻላል። ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ሐዲድ ነው፣ ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ነው። ነጠላው ላይ ባቡር የሚተላለፈው ማሳለፊያ ባለበት ጣቢያ ብቻ ነው፣ አንዱ ካረፈደ ሌላው ቆሞ ይጠብቀዋል። የእኛ መስመር በነጠላ ቢጀመር እንኳ መሬቱ፣ ድልድዩና የውኃ መውረጃ ቱቦው ለሁለት ይሠራ። ነገ ሁለተኛውን ስትነጥፍ የመጀመሪያው አይቆምም። ከወረታ፣ ከሐሙሲት ጠዋት ባሕር ዳር ሠራተኛ የሚያስገባ ባቡር ያኔ ነው የሚታሰበው። ድልድዩን ለአንድ ሐዲድ ብቻ ከሠራኸው ግን ያው 12ን ወደ 3 ነው።

አባይ ማዶ፦
አመሰግናለሁ፣ በእውነት። እኔ ሐሳቤን ሰብስቤያለሁ። ለሚመለከተው ቢሮ ማመልከቻ ልጽፍ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ፊርማ አሰባስባለሁ። ባቡሩ ይቆይ፣ የዛሬውን ልጠይቅ። መንገዱ ሲሠራ ግማሹ ክፍት ይሁን፣ ሁለቱም ጎን በአንዴ አይቆፈር። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ዘንዘልማ አንድ አውቶቡስ ይመደብ። ጠዋት ለዘጌ ሰው ጀልባ ከነጃኬቱ። የጎደለ ካለ ንገሩኝ።

ቀበሌ 14፦
የሚቆፈረው ሰፈር ከነቀኑ ቀድሞ ይለጠፍ በልልኝ። ዛሬ ጠዋት ወጥቶ መንገድ ማጣት ነው የሚያሳብደው። እሱን ካስገባህ እኔም እፈርማለሁ።

ሲግናል ቤት፦
«ምልልስ ይጨመር» ብቻ ብለህ አትጻፍ። ማንም አዎ ይልሃል፣ ምንም አይለወጥም። ከየት ተነሥቶ የት፣ በስንት ሰዓት፣ በየስንት ደቂቃው ብለህ ጻፍ። አውቶቡሱ ጉድጓዱን ዞሮ ሲሄድ በትክክል ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅም አንድ ሰው ሰዓት ይዞ ይለካው፣ በግምት አይሁን።

ዘንዘልማ፦
የማታውን እኔ እለካዋለሁ፣ ሁሌ እዚያው ነኝ። አብረውኝ የሚሠሩትንም ስንት ሰዓት እንደሚወጡ ጠይቄ እሑድ እጽፍልሃለሁ። 1 ሰዓት ተኩል ለአንዳንዶቹ ይፈጥን ይሆናል፣ ምግብ ቤት ያሉት 2 ሰዓት ነው የሚለቀቁት።

አባይ ማዶ፦
እንግዲያው ሰዓቱን ባዶ አድርጌ እተወዋለሁ፣ እሑድ አንቺ የምትሰጪኝን እሞላበታለሁ። ጀልባ ወደብ፣ አንተም ስንት ጀልባ ጠዋት እንደሚችልና ደረጃው የትኛው ጋ እንደተበላሸ ላክልኝ፣ ፎቶ ካለህም ጨምርበት።